ያገለገለ ስልክና የውሃ ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያገለገለ ስልክ ሲሻሻጥ ከስክሪን ጭረት ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው "ውሃ ነክቶታል ወይስ አልነካውም?" የሚለው ነው።

ገዢው ሲሙን አውጥቶ፣ መብራት አብርቶ የሚያየው ምንድን ነው?

የውሃ ምልክቷን ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ በጣም የምታንስ ተለጣፊ ናት። ደረቅ እስከሆነች ድረስ ነጭ ወይም ብርማ ሆና ትቆያለች። ውሃ ወይም ውሃ ያለበት ፈሳሽ ሲነካት ውስጧ ያለው ቀለም ይሰራጭና ትቀላለች። አንዴ ከቀላች ብትደርቅም ወደ ነጭነቷ አትመለስም። ስልኩ ቢጠረግ፣ ቢወለወል፣ አዲስ ሽፋን ቢለብስ እሷ ያየችውን አትደብቅም።

አምራቾች ያስቀመጧት ለዋስትና ጉዳይ ነው። ደንበኛው "ዝም ብሎ ጠፋብኝ" ሲል ሠራተኛው መጀመሪያ እሷን ያያል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛውና የሚሸጠው ሰው ከዚያ ወረሳት።

የት ነው የማገኛት?

እንደ ስልኩ ነው። ከአይፎን 5 ወዲህ ባሉት አይፎኖች ሲም በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ናት። ከዚያ በፊት በነበሩት የጆሮ ማዳመጫና የቻርጀር መሰኪያዎቹ ውስጥ ነበረች። ጀርባቸው በሚከፈት የድሮ ሳምሰንጎች ባትሪው ላይና ባትሪው በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ታገኟታላችሁ። ጀርባቸው በማይከፈተው ብዙውን ጊዜ ሲም ማስገቢያው ውስጥ ናት። ስልኩ ካልተፈታ በስተቀር የማትታይባቸው ስልኮችም አሉ።

ለማየት የሲም ማስቀመጫውን አውጡና የሌላ ስልክ መብራት አብሩ። ቀዳዳውን ፊት ለፊት አትዩት። ውስጡ ያለው ብረት መብራቱን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። ስልኩን ትንሽ ሰያፍ አድርጉትና ቀስ እያላችሁ አዟዙሩት። ዓይን ብቻውን ስለሚሳሳት አጉልታችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን እዩ። ፎቶው በኋላም ይጠቅማችኋል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ቀይ ከሆነች ስልኩ አበቃለት ማለት ነው?

አይደለም። ምልክቷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ያለችበት ቦታ ፈሳሽ ደርሷል። መቼ እንደደረሰ አታውቅም። ብዙ ይሁን ትንሽ፣ የቧንቧ ይሁን የባሕር፣ ቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የተያያዙበት ዋናው ሰሌዳ) ድረስ ዘልቆ ይሁን እዚያው ቀርቶ፣ ምንም አታውቅም። ሲም ሲቀየር ከእርጥብ ጣት የወረደች ጠብታም ልታቀላት ትችላለች። ገንዳ ውስጥ ያደረ ስልክ ላይም የምትቀላው በዚያው ልክ ነው።

ስለዚህ ቀይ ካያችሁ ስልኩን ጥላችሁ አትሂዱ። ፍተሻው ገና መጀመሩ ነው።

ነጭ ከሆነችስ? ልመናት?

በግማሽ ልብ። ውሃ የግድ በሲም ቀዳዳ በኩል አይገባም። በቻርጀር መሰኪያ፣ በድምፅ ማውጫው ወንፊት፣ በስክሪኑ ጠርዝ፣ በተሰነጠቀ የጀርባ መስታወት ይገባል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ምልክቷ እንደ ወተት ነጭ ነበረች። ሻጩ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሳየኝ "ይኸው፣ እዪው!" ይላል። እኔም ሌላውን ሳላይ ከፈልኩ። ማታ እቤት ገብቼ ስደውል የሰውየው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። ፌስ አይዲን (ፊቴን አይቶ ስልኩን የሚከፍተውን) ላስተካክል ስል እምቢ አለኝ። በማግስቱ ያስከፈትኩት ባለሙያ በላይኛው ማዳመጫ ዙሪያ የተጋገረ አረንጓዴ ዝገት በወረንጦ እየነካካ አሳየኝ። ውሃው በላይ በኩል ገብቷል። ምልክቷ ደግሞ ጎን ላይ ተቀምጣለች። ሳይተያዩ ቀርተዋል።

በእርጥበት አየር ወይም በላብ ብቻ ልትቀላ ትችላለች?

አፕል ምልክቶቹ ስልኩ እንዲሠራበት በተፈቀደለት የሙቀትና የእርጥበት ክልል ውስጥ በአየር ለውጥ ብቻ እንደማይቀሉ ይናገራል። ላብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ራሱ ፈሳሽ ነውና። ሙቅ ውሃ በተለቀቀበት መታጠቢያ ቤት በየቀኑ የሚቀመጥ ስልክም እንፋሎቱ ውስጡ ገብቶ ጠብታ ሊሆንበት ይችላል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አይፎኖችና አይፖድ ተቾች የገዙ ሰዎች "ምልክታችሁ ቀልቷል" ተብለው ዋስትና ስለተከለከሉ አፕልን ፍርድ ቤት አቅርበውት ነበር። ሙግቱ ውስጥ የተነሳው ዋና ነጥብ ምልክቷ የተሠራችበት የስሪኤም ኩባንያ ወረቀት በእርጥበት ብቻም ቀለም ሊቀይር ይችላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል 53 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ጥፋተኛ ነኝ አላለም፤ ግን ከፈለ። ስለዚህ ሻጭ "እርጥበት ነው እንጂ ውሃ አልነካውም" ሲላችሁ ውሸታም ብላችሁ አትዝለፉት። ደግሞም በቃሉ ብቻ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ።

ስልኩ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሠራ ነው። አይፒ68 ነው። ታዲያ ለምን ይፈተሻል?

አይፒ68 የሚለው ቁጥር ስልኩ አዲስ እያለ የተፈተነበት ውጤት ነው። 6 አቧራን ይመለከታል፤ 8 ውሃን። አይፒ67 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እስከ 30 ደቂቃ ማለት ነው። 8 ሲሆን ከዚያ ይከብዳል፤ ጥልቀቱን የሚወስነው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ጋላክሲ ኤስ7 አይፒ68 ተብሎ 1.5 ሜትር ነበር። አይፎን 12 አይፒ68 ተብሎ 6 ሜትር ነው። ሁለቱም ለ30 ደቂቃ። ቁጥሩ አንድ፣ ነገሩ ሌላ።

ፈተናው የሚደረገው ደግሞ በረጋና ንጹህ ውሃ ነው። የባሕር ጨው፣ የዋና ገንዳ ክሎሪን፣ ሳሙና እዚያ ውስጥ የሉም። ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ ሙጫና ቀጫጭን ላስቲክ ነው። ሙጫ ያረጃል። ስልክ ሲወድቅ ፍሬሙ ትንሽ ይጣመምና ሙጫው ይላቀቃል። ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር የተከፈተ ስልክ እንደገና በደንብ ካልታሸገ አይፒ68ነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል። አምራቾቹም ውሃ መከላከሉ ዘላቂ እንዳልሆነ ይጽፋሉ፤ የፈሳሽ ጉዳትንም በመደበኛው ዋስትና አይሸፍኑም።

ይህ በማስታወቂያና በዋስትና መካከል ያለው ክፍተት ኩባንያዎቹን አስቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጣሊያን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ማስታወቂያው ውሃ ይቋቋማል ሲል ይህ በላቦራቶሪ ሁኔታ ብቻ መሆኑን በግልጽ አልነገረም ተብሎ ነው። በ2022 ደግሞ የሳምሰንግ የአውስትራሊያ ኩባንያ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። በገንዳና በባሕር ሲታዩ የነበሩት ጋላክሲዎች እርጥብ ሳሉ ቻርጅ ከተደረጉ መሰኪያቸው ሊዝግ ይችል ነበር። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ መሰኪያውን አተኩራችሁ እዩ የምላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

ስልኩ ያለምንም ችግር እየሠራ ነው። ውሃ ስለነካው ብቻ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ምክንያቱም ውሃ ቸኩሎ አይገድልም። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። ጉዱ ያለው ውሃው ይዞት በሚመጣው ጨውና ማዕድን ነው። ቦርዱ ላይ እጅግ ተጠጋግተው ጎን ለጎን የተቀመጡ ነጥቦች አሉ። አንዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፣ አጠገቡ ባለው ላይ የለም። በመካከላቸው ጨዋማ ጠብታ ስትገባ መንገድ ትሆናለች። ከአንደኛው ነጥብ መዳብ እየሟሟ ወደ ሌላኛው ይጓዛል። አንዱ ነጥብ እየተበላ ይሄዳል፤ በመካከል ደግሞ ቀጭን የብረት ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ ሲገጥም ሾርት አደረገ እንላለን። ስልኩን ማጥፋት ብቻውን ይህን አያቆመውም፤ ባትሪው ከቦርዱ ጋር እስከተያያዘ ድረስ አንዳንድ መስመሮች ላይ ኤሌክትሪክ አለ።

ውሃው ከደረቀም በኋላ ጨው ይቀራል። ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል። ዝገቱ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። ለዚህ ነው ስልኩ ውሃ ነክቶት ለሳምንታት ያለ ችግር ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ የሚለው። የጀርባ መብራት ባላቸው ስክሪኖች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው መብራቱ ነው። የመብራቱ መስመር ከሌሎቹ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚሸከም ዝገቱ እዚያ ይፈጥናል። ስልኩ ይጠራል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

ገዢው እንግዲህ ይህን ሁሉ ፍርሃት ነው ዋጋ የሚቆርጥለት። ሻጩ "እየሠራ እኮ ነው" ሲል ስለ ዛሬ ነው የሚያወራው። ገዢው የሚያስበው ስለ መጪው ወር ነው። የሚጣሉትም ለዚህ ነው።

ምን ያህል ይወርዳል?

የተቆረጠ ሒሳብ የለም። እኔ የማስበው በሁለት ጫፍ ነው። አንደኛው ጫፍ ያው ስልክ ጤነኛ ሆኖ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ሌላኛው ጫፍ ስልኩ ነገ ቢሞት ስክሪኑ፣ ካሜራውና ሌላው ዕቃው ተነቅሎ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ውሃ የነካው ስልክ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ይቀመጣል። ወደ የትኛው እንደሚጠጋ የሚወስነው ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ነው።

ምልክቷ ቀይ ሆና ስልኩ ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ፍተሻውንም በሙሉ ካለፈ፣ አስቀንሼ እገዛዋለሁ። ቀይ ሆና አንድ ነገር እንኳ ካልሠራ (ማይኩ ብቻ ነው ይሏችኋል) እኔ በዕቃ ዋጋ ብቻ ነው የማየው። አንድ ነገር ከሞተ ውሃው ውስጥ ድረስ ገብቷል ማለት ነውና። ዋስትናው ያላለቀ ስልክ ከሆነ ደግሞ ቀይ ምልክት ይበልጥ ያስቀንሳል፤ ዋስትናውን ብላችሁ ተጨማሪ ልትከፍሉ የነበረው ገንዘብ ትርጉም ያጣል።

ሳላስከፍተው በራሴ ምን ምን ልፈትሽ?

ከመሰኪያው ጀምሩ። መብራት ይዛችሁ የቻርጀር ቀዳዳው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ መስመሮች እዩ። ወርቃማ ወይም ብርማ ሆነው መደዳቸውን መሰለፍ አለባቸው። አንዷ ጠቁራ ወይም አረንጓዴ ነገር ጋግራ ካያችሁ እዚያ እርጥብ ሳለ ኤሌክትሪክ አልፏል። ከዚያ ቻርጀር ሰኩ። ገመዱን ገልብጣችሁ በሌላኛው ፊቱም ሰኩ። በአንድ ፊት ብቻ ቻርጅ የሚያደርግ ስልክ አንዱ ወገን ተበልቶበታል። ደረቅ ስልክ ላይ "መሰኪያው ውስጥ ፈሳሽ አለ" የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወይም የውሃ ጠብታ ምስል ከታየም ያው ነው።

ቀጥሎ ድምፅ። ሰው ጋ ደውሉ፤ አንዴ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ አንዴ በላውድ ስፒከር። ድምፅ ቅዱና መልሳችሁ ስሙ። ቪዲዮም ቅዱ፤ ብዙ ስልኮች ለቪዲዮ ሌላ ማይክ ስለሚጠቀሙ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊያታልላችሁ ይችላል። ስትደውሉ ስልኩን ጆሯችሁ ላይ ስታስጠጉት ስክሪኑ መጥፋት አለበት። አይፎን ከሆነ ፌስ አይዲን እዚያው ከአዲስ አስመዝግቡ። ከአይፎን 10 እስከ 12 ባሉት ላይ ለፌስ አይዲ የሚያገለግል አንድ ዕቃ ከላይኛው ማዳመጫ ጋር ተያይዞ ነው የተሠራው፤ ከቦርዱ ጋርም የተዛመደ ነው። በውሃ ከተበላ ከሌላ ስልክ ነቅሎ መግጠም ብቻውን ፌስ አይዲውን አይመልሰውም። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነበር።

ነጭ ምስል ከፍታችሁ ስክሪኑን በሙሉ ብርሃን እዩ። ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት የመሰለ ጥላ ካለ ውሃ ገብቶ ደርቋል። በብዙ ሳምሰንጎች መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የፍተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቀለሙን፣ ንክኪውን፣ ንዝረቱን፣ ድምፁን አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ከዚያ በካሜራው አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ቅዱ። ስልኩ ሞቅ ሲል ውስጡ የቀረ እርጥበት ካለ ሌንሱ ከውስጥ በኩል ጤዛ ሊሠራ ይችላል። ሻጩ "ምን ያህል ትቀርጻለህ?" ብሎ ከተነጫነጨ ይነጫነጭ።

አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። ብዙ ውድ ስልኮች ውስጣቸው የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው፤ ንባቡን የሚያሳዩ ነጻ አፖችም አሉ። አፑን ከፍታችሁ ስክሪኑን መሐል ላይ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ስልኩ የታሸገ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ይጨናነቅና ቁጥሩ ወዲያው ከፍ ይላል። ንቅንቅ ካላለ ማሸጊያው ለቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህ ውሃ ገብቷል አልገባም አይልም፤ የሚናገረው በሩ ክፍት መሆኑን ነው። ብቻ በደንብ ያልተጣበቀ ስክሪን ላይ ጉልበት እንዳታበዙ።

ሻጩ "ሩዝ ውስጥ አሳድሬው ደህና ሆነ" ይለኛል። ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ሩዝ ቦርዱ ላይ የቀረውን ጨው አያወጣም። እንዲያውም አፕል አይፎንን ሩዝ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡ ብሎ ጽፏል፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ይችላልና። ከዚህ ንግግር የምትወስዱት አንድ ቁም ነገር አለ፦ ስልኩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሻጩ ሳያስበው ነግሯችኋል።

"ቦርዱ በባለሙያ ታጥቧል" ከተባለስ?

ይህ ከሩዙ በጣም ይሻላል። ተገቢው አሠራር ስልኩን ፈትቶ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ ቦርዱን 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ማጽዳት ነው። በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን ያላቸውም አሉ። በብረት ክዳኖቹ ሥር የተደበቀው ዝገት በብሩሽ ብቻ አይወጣም። ዋናው ጥያቄ ግን መቼ ታጠበ ነው። በወደቀበት ቀን የታጠበና ከሦስት ሳምንት በኋላ "እምቢ ሲለኝ ወሰድኩት" የተባለ ስልክ አንድ አይደሉም።

ጠይቁ፦ ፎቶ አለ? ጠንቃቃ ባለሙያ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ፎቶ የማንሳት ልማድ አለው። ባትሪው ተቀይሯል? ውሃ የገባበት ባትሪ ቢሠራም አይታመንም፤ ጀርባው ወይም ስክሪኑ ትንሽ ተነፍቶ ካያችሁ ዋጋ መደራደሩን ትታችሁ መልሱለት። ሲዘጋ አዲስ ማሸጊያ ተለጥፎለታል? ካልተለጠፈ ከእንግዲህ ዝናብም ይፈራል። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 15.2 (የአይፎን ሶፍትዌር ነው) ጀምሮ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ስትገቡ በአዳዲሶቹ ሞዴሎች የተቀየሩ ዕቃዎች ይዘረዘራሉ። የሻጩ ወሬና ዝርዝሩ ካልገጠሙ ወሬውን ተዉት።

እኔ ሻጭ ነኝ። ውሃ ነክቶት እንደነበር መናገር አለብኝ?

ተናገሩ። ጽድቁ እንዳለ ሆኖ፣ ለኪስም ይሻላል። ገዢው ምልክቷን ራሱ ካገኛት ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ አያምንም፤ ባትሪው 90 በመቶ ነው ብትሉት እንኳ ይጠራጠራል። ቀድማችሁ "ባለፈው ዓመት ዝናብ አግኝቶት ነበር፣ ያኔውኑ አጥፍቼ አስጸዳሁት፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆኗል" ካላችሁት ድርድሩ በዚያው ነገር ላይ ብቻ ይሆናል። የጥገና ደረሰኝ ካለ አሳዩ።

ምልክቷ ቀልታ እናንተ ጭራሽ ካላወቃችሁ፣ ይህም ይገጥማል። ከመሸጣችሁ በፊት ራሳችሁ እዩትና "ቀይ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም" በሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አሮጌ ስልኬን ለድርጅት ሰጥቼ አዲስ ልወስድ ነው። በኢንተርኔት የነገሩኝ ግምት ከፍተሻው በኋላ ለምን ወረደ?

የመጀመሪያው ግምት የቆመው እናንተ በሰጣችሁት መልስ ላይ ነው። ይበራል ወይ? ስክሪኑ ተሰንጥቋል ወይ? ፈሳሽ ነክቶታል ወይ? "አልነካውም" ብላችሁ ምልክቷ ቀልታ ከተገኘች ስልኩ ወደ ሌላ የዋጋ ደረጃ ይወርዳል። ድርጅቶች ከግለሰብ ገዢ ይልቅ እዚህ ላይ ግትር ናቸው። ስልኩን መልሰው ከነዋስትናው ስለሚሸጡት "እየሠራ እኮ ነው" የሚለው ክርክር አይገባቸውም። ሠራተኛው ከፊቱ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ወይ ቀይ ነው ወይ አይደለም።

ብዙዎቹ አዲሱን ግምት ካልተቀበላችሁ ስልኩን ይመልሳሉ። ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ስንት ቀን ውስጥ እምቢ ማለት እንዳለባችሁ፣ የመመለሻውን ማን እንደሚከፍል። ቀይ ምልክት ያለው፣ ግን በደንብ የሚሠራ ስልክ ከድርጅት ይልቅ ሁኔታውን ተረድቶ ለሚገዛ ግለሰብ ቢሸጥ የተሻለ ያወጣል ባይ ነኝ።

ምልክቷ ተለጣፊ አይደለች? ቢቀይሯትስ?

ይቀይሯታል። ምትክ ተለጣፊዎች በብዛት ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነቅሎ የሚተዋትም አለ። በፎቶው ላይ ጠርዟ የተነሳ፣ ተጣማ የተለጠፈች፣ ወይም በአሮጌ አቧራ መሐል ብቻዋን የምታበራ ምልክት ካያችሁ ጠርጥሩ። ቦታዋ ባዶ ከሆነማ ንገሩኝ ማለት አያስፈልግም። የምልክቷን ቦታ በሞዴሉ ስም ፈልጋችሁ፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ አይታችሁ ሂዱ።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ምልክቷን ለመቀየር ብዙውን ጊዜ ስልኩ መከፈት አለበት። የተከፈተ ስልክ ደግሞ ሌላ ምልክት ይተዋል፤ ከታች ያሉት ብሎኖች ጥርሳቸው ይላላጣል፣ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሙጫ ይታያል፣ በስክሪኑና በፍሬሙ መካከል ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ይኖራል። እሷን አጽድተው እነዚህን ይረሳሉ።

ሲም ማስገቢያ የሌለው ስልክስ?

አሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ቀዳዳ የላቸውም፤ በኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። ምልክቷን ከውጭ ማየት አይቻልም ማለት ነው። እዚህ ላይ ያላችሁ ምርጫ መሰኪያውን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና ስክሪኑን ከላይ እንዳልኩት ጠንቅቆ መፈተሽ ነው፤ ውድ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ባለበት ማስከፈት። ሲከፈት ማሸጊያው ይበላሻል፤ የአዲስ ማሸጊያውን ወጪ ማን እንደሚችል ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከገዛሁት በኋላ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ "ስሸጥልህ ነጭ ነበር፣ አንተ ነህ ያረጠብከው" ይላል። ምን ላድርግ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ምልክቷ ቀን አትጽፍም። እናንተም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ እሱም። በዚህ ላይ ያለ ማስረጃ የሚደረግ ክርክር ማለቂያ የለውም።

የሚረዳችሁ ዝገቱ ነው። ትናንት የገባ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም አረንጓዴ ወይም ነጭ ግግር አይሠራም፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል። በገዛችሁ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አስከፍታችሁ የተጋገረ ዝገት ከተገኘ፣ ባለሙያው ፎቶ አንስቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሻጩ ጋ ይዛችሁ የምትሄዱት እሱን ነው። ከወር በኋላ ከሆነ ግን ይህም አይሠራም፤ ወር ለዝገት ይበቃል።

ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሲም ቀዳዳውን ፎቶ ሻጩ እያየ አንሱና እዚያው በመልእክት ላኩለት፤ "ዛሬ ስንረከብ እንዲህ ነበር" ብላችሁ። የስልኩ መለያ የሆነውን የአይኤምኢአይ ቁጥርም አብራችሁ ጻፉ። *#06# ስትደውሉ ይወጣል። ሻጭ ከሆናችሁም እናንተው አንስታችሁ ላኩ፤ ከሳምንት በኋላ ዝናብ አስመትቶት ለሚመጣው ገዢ ያቺን ፎቶ መልሳችሁ ትልኩለታላችሁ።